ማሽንን ለጣት ያስገዛው የፊዚክስ ሊቅ፦ ሂዩ ለኬን

በሬዎቹን ጠምዶ እርፍ የጨበጠ ገበሬ እጁን የሚሰማ መሣሪያ ይዟል። እርፉን ጫን ሲለው ማረሻው ይጠልቃል፤ ሲያላላው ይነሳል፤ ወደ ጎን ሲያዘነብለው ትልሙ ይሰፋል። ማሲንቆ የሚገዘግዝ አዝማሪም እንዲሁ ነው። ደጋኑን ጠበቅ ሲያደርገው ድምፁ ይጎላል፤ በጭራው ላይ ጣቱን ሸርተት ሲያደርግ ዜማው ያለቅሳል፤ ነካ ነካ ሲያደርገው ይርገበገባል። በሰውዬው ልብ ያለው ነገር በጣቱ በኩል አልፎ ከመሣሪያው ይወጣል።

ኤሌክትሪክ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ በገባ ጊዜ ግን ይህ የእጅና የመሣሪያ መግባባት ብዙ ጊዜ ይቋረጥ ነበር። የኤሌክትሪክ ኦርጋን ቁልፍ ከግድግዳ ላይ የመብራት ማብሪያ ብዙም አይለይም። ቢጫኑት ድምፅ ይሰጣል፤ ቢለቁት ዝም ይላል። በቁጣ የተጫነውንም ሆነ በፍቅር የዳሰሰውን አይለይም። ጀማሪውም አዋቂውም አንድ ቁልፍ ሲነኩ የሚወጣው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው።

ይህን ጉድለት ለማረም ዕድሜውን የሰጠ ሰው ካናዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ለኬን ነው። ቀን ለመንግሥት የምርምር ተቋም የራዳርና የአቶም ሥራ ሲሠራ፣ ሌሊት በቤቱ ውስጥ ጣትን የሚሰማ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይገጣጥም ነበር። እርሱ የሠራው መሣሪያ ዛሬ ሲንተሳይዘር እየተባለ ለሚጠራው የሙዚቃ ማሽን ቀዳሚ ነው። የለኬን ታሪክ የአንድ ፈልሳፊ ታሪክ ብቻ አይደለም። ማሽን ሲመጣ የሰው እጅ ያካበተው ጥበብ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ታሪክም ነው።

የእህል ወደብ ልጅ

ሂዩ ለኬን የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 27 ቀን 1914 ዓ.ም በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ ፖርት አርተር በተባለች ከተማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ፖርት አርተር ሱፒሪየር በተባለው ታላቅ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ወደብ ናት። ከካናዳ ሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች በባቡር የተጫነ እህል በሐይቁ ዳር በቆሙት ግዙፍ ጎተራዎች ይከማችና በመርከብ ወደ ምሥራቅ ይጓዝ ነበር። ከተማዋ በ1970 ዓ.ም ከጎረቤቷ ፎርት ዊሊያም ጋር ተዋህዳ ዛሬ ተንደር ቤይ ትባላለች።

ለኬን ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ፍቅር ነበረው፤ አንዱ ሙዚቃ፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ መፍታትና መግጠም። ገና በወጣትነቱ፣ ኤሌክትሪክ በሙዚቃ ውስጥ እስከዚያ ያልተሰሙ ያማሩ ድምፆችን ሊወልድ እንደሚችል በሐሳቡ ይሥል ነበር። በኪንግስተን ከተማ ወደሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ ሲያጠናም ሁለቱን አልለያቸውም። በ1937 ዓ.ም፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በሚርገበገቡ የብረት ምላሶች ድምፅ የሚሰጥ የኤሌክትሮኒክ ኦርጋን ነደፈ። በ1939 ዓ.ም የማስተርስ ዲግሪውን በፊዚክስ አገኘ።

በ1940 ዓ.ም በኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተቀጠረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ ስለነበር ወጣቱ ተመራማሪ የተመደበው በራዳር ሥራ ላይ ነው። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ፣ ከሩቅ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሚያነብ መሣሪያ ነው። እጅግ አጭርና ፈጣን የኤሌክትሪክ ምልክቶችን ማመንጨት፣ መቆጣጠርና መለካት ይጠይቃል። ለኬን በዚህ ሥራ ላይ ያካበተው ዕውቀት በኋላ ለሙዚቃ ዋለ። ለጦርነት የተማረው ብልሃት በሰላም ጊዜ ዜማ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳክበት፦ የተረሳ ስም፣ አዲስ መሣሪያ

ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ዓ.ም ለኬን በግሉ ትንሽ ስቱዲዮ አቋቁሞ የረጅም ጊዜ ሕልሙን ይሠራ ጀመር። ለመሣሪያው የሰጠው ስም ኤሌክትሮኒክ ሳክበት የሚል ነው። ሳክበት በጥንት ዘመን አውሮፓ ይነፋ የነበረ፣ የዛሬው ትሮምቦን አያት የሆነ የነሐስ መሣሪያ ነው። ከጥቅም ውጭ ሆኖ የተረሳውን ስም አንሥቶ ለአዲስ ነገር መስጠቱ የለኬንን ቀልድ አዋቂነት ያሳያል።

የመጀመሪያው ሳክበት ለዓይን የሚማርክ ዕቃ አልነበረም። በቤት ውስጥ የተሠራ የእንጨት ጠረጴዛ የመሰለ አካል፣ በላዩ ኪቦርድ፣ በውስጡ ደግሞ የዚያን ዘመን የሬዲዮ አምፖሎችና የተጠላለፉ ሽቦዎች ነበሩት። በአንድ ጊዜ የሚያሰማውም አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ተአምሩ ያለው ቁልፎቹ ላይ ነበር።

የሳክበት ቁልፍ ወደ ታች ሲጫኑት የጣቱን ጫና ያነባል። ጫናው ሲበረታ ድምፁ ይጎላል፤ ሲላላ ይለዝባል። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድን ድምፅ ከጀመረ በኋላ ቁልፉን ሳይለቅ ሊያሳድገው፣ ሊያከስመው፣ መልሶም ሊያነሣው ይችላል። ፒያኖ እንኳ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የፒያኖ ክር አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል እንጂ እንደገና አይጎላም።

ሁለተኛው ተአምር ወደ ጎን ነው። የሳክበት ቁልፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፋ ድምፁን ያቀጥነዋል ወይም ያወፍረዋል። ጣቱን በቁልፉ ላይ የሚያርገበግብ ሰው ድምፁን ያርገበግባል፤ በኃይል የገፋ ደግሞ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳይዘል እየተንሸራተተ ይሻገራል። የድምፅ መንሸራተት የማሲንቆም፣ የዋሽንትም፣ የሰው ጉሮሮም ለዛ ነው። በኪቦርድ ላይ ግን ድምፆቹ እንደ ደረጃ ተለያይተው ስለተቀመጡ በመካከላቸው ያለው ቦታ የማይነካ ሆኖ ቆይቷል። ለኬን ያንን የተዘጋ ቦታ ከፈተው። የአሜሪካዊው ጆርጅ ገርሽዊን ታዋቂ ሥራ የሆነው ራፕሶዲ ኢን ብሉ የሚጀምርበትን፣ በክላሪኔት እየተንሸራተተ ወደ ላይ የሚወጣውን ድምፅ በሳክበት ተጫውቶ ማሳየቱ የዚህ ምስክር ነው።

ሦስተኛው የግራ እጅ ድርሻ ነው። ቀኝ እጅ በኪቦርዱ ላይ ዜማውን ሲጫወት፣ ግራ እጅ ለየጣቱ በተዘጋጁ መዳሰሻዎች ላይ ተቀምጦ የድምፁን ቀለም ይለውጣል። አንዱ ጣት ድምፁን ከክብ ወደ ሹል ይወስደዋል፤ ሌላው ሻካራነት ይጨምርበታል። ሰው ሲናገር አፉን በመክፈትና በመዝጋት አንዱን ድምፅ አ፣ ኡ፣ ኢ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ወደ ታች ጉልበት፣ ወደ ጎን ቅጥነት፣ በግራ እጅ ደግሞ ለዛ። ገበሬ እርፉን ሲጫንና ሲያዘነብል አይቶ የሚያውቅ ሰው የለኬንን ሐሳብ ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልገውም። አንድ እጀታ በጫናና በአቅጣጫ ብዛት ያለው ትእዛዝ ሊሸከም ይችላል። የሚያስፈልገው መሣሪያው ትእዛዙን እንዲሰማ አድርጎ መሥራት ነው።

የኤሌክትሪክ ግፊት ቋንቋ

ለኬን ጣትን ከድምፅ ጋር ያገናኘበት ብልሃት በኋላ መላው ዘርፍ የተከተለው ነው። በሳክበት ውስጥ የጣቱ ጫና ወደ ቮልቴጅ ማለትም ወደ ኤሌክትሪክ ግፊት ይለወጣል። ግፊቱ ሲጨምርና ሲቀንስ ድምፁን የሚያመነጨው፣ የሚያጎላውና ቀለሙን የሚለውጠው ክፍል እርሱን ተከትሎ ይሠራል። በቦይ ውስጥ ያለ ውኃ መጠኑ በበሩ አከፋፈት እንደሚወሰን ሁሉ፣ እዚህም ትንሹ የጣት እንቅስቃሴ ትልቁን የድምፅ ፍሰት ይገዛል።

ይህ ዘዴ የቮልቴጅ ቁጥጥር ይባላል። የዘርፉ ታሪክ ጸሐፊዎች ኤሌክትሮኒክ ሳክበትን በዚህ ዘዴ የሠራ የመጀመሪያው ሲንተሳይዘር አድርገው ይቆጥሩታል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ በዚሁ መርሕ የሚሠራውን ዝነኛ መሣሪያውን ማዘጋጀት የጀመረው በ1964 ዓ.ም ነው። ለኬን ሥራውን ከጀመረ 19 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሐሳቡን ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ለማሳደግ ግን ወዲያው አልታደለም። እንጀራው ፊዚክስ ነበርና በ1948 ዓ.ም ወደ እንግሊዝ ተልኮ እስከ 1952 ዓ.ም የኑክሌር ፊዚክስ ተማረ። ሲመለስ ሳክበቱን ለሕዝብ ማሳየት ቀጠለ። የተመለከቱት ሰዎች አደነቁ፤ የምርምር ምክር ቤቱ ኃላፊዎችም ነገሩን በአንክሮ አዩት። በ1954 ዓ.ም ያልተለመደ ውሳኔ ተወሰነ። ለኬን የፊዚክስ ሥራውን ትቶ፣ በመንግሥት ደመወዝ፣ በመንግሥት ቤተ ሙከራ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ እንዲሠራ ተፈቀደለት።

ራዳርና አቶም የሚመረምር ተቋም አንድን የፊዚክስ ሊቅ ለሙዚቃ ማሽን ሥራ ነፃ ማድረጉ ቀላል ነገር አልነበረም። ለኬንም አደራውን አላባከነም። በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ከ22 የማያንሱ አዳዲስ መሣሪያዎችን ሠራ።

ኦርጋንን ማደስ

ከእነዚህ መካከል ለዋናው ሐሳቡ ይበልጥ የቀረበው ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም የደከመበት ጫና ለይ ኦርጋን ነው። ሳክበት በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጥ ነበር። ኦርጋን ግን በርካታ ድምፆችን በአንድነት ያሰማል። ለኬን እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የጣቱን ጫና የሚለይበትን ኦርጋን ሠራ። አሥር ጣቶች አሥር ቁልፎች ላይ ቢያርፉ፣ አንዱን ጣት ጫን በማለት የአንዱን ድምፅ ብቻ ከሌሎቹ መካከል አጉልቶ ማውጣት ይቻላል።

በተራው ኦርጋን ላይ ድምፅን ማጉላትና ማለዘብ የሚቻለው በእግር በሚረገጥ ፔዳል ነው፤ ፔዳሉ ደግሞ ሁሉንም ድምፆች በጅምላ ያነሣል፣ በጅምላ ይጥላል። በለኬን ኦርጋን ላይ ግን እያንዳንዱ ጣት የራሱ ድምፅ ባለቤት ነው። በመዘምራን ቡድን ውስጥ አንዱ ዘማሪ ሲያነሣ ሌሎቹ ዝቅ ብለው እንደሚያጅቡት፣ የአንድ ሰው አሥር ጣቶችም እንዲሁ ተራ በተራ መሪና አጃቢ መሆን ቻሉ።

አንድ የአሜሪካ ኦርጋን አምራች የዚህን ሥራ መብት ወሰደ። መሣሪያው ግን ለገበያ ሳይመረት ቀረ። እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው እንዲሰማ አድርጎ መሥራት ውድ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ የሆነው ቁልፍ ደግሞ ርካሽ ነው። የለኬን ሐሳብ ከገበያ ጋር የገጠመው ጠብ ከዚህ ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልበረደም።

ከአንዲት የውኃ ጠብታ

ለኬንን በሙዚቃው ዓለም በይበልጥ ያስጠራው ግን በ1955 ዓ.ም ያቀናበረው፣ ድሪፕሶዲ የተባለው አጭር ሥራ ነው። የተሠራበት ጥሬ ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ የአንዲት የውኃ ጠብታ ድምፅ።

ለኬን በዚያው ዓመት ልዩ የቴፕ መቅጃ ሠርቶ ነበር። ማሽኑ በርካታ ቴፖችን በአንድነት ያጫውታል፤ የእያንዳንዱንም ፍጥነት በኪቦርድ መለወጥ ይቻላል። የቴፕ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲቀንስ ይወፍራል። ባትሪው የደከመ ቴፕ የዘፋኙን ድምፅ እንዴት እንደሚያወፍረው የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ለኬን አንዲቱን ጠብታ ቀድቶ፣ በኪቦርዱ ፍጥነቷን እየለወጠ፣ ከአንዲት ጠብታ ብዙ ጠብታዎችን፣ ከጠብታዎቹም ዜማ አወጣ። ሁለት ደቂቃ በማይሞላው በዚህ ሥራ ውስጥ ጠብታዋ በቀስታ ትጀምራለች፤ ትበዛለች፤ ትቸኩላለች፤ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ትሆናለች።

ድሪፕሶዲ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ትምህርት ውስጥ በእጅጉ ከሚደመጡ ሥራዎች አንዱ ሆኗል። የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ማሽኑ የሰጠው አንዲት ጠብታ ብቻ ነው፤ ከእርሷ ዝናብ የወለደው በኪቦርዱ ላይ የነበረው እጅ ነው።

ለሌሎች የተከፈተ በር

ለኬን የሠራቸውን መሣሪያዎች በቤተ ሙከራ ቆልፎ አላስቀመጠም። በ1956 ዓ.ም ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የጻፈው ጥናት በአሜሪካ የሬዲዮ መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ወጥቶ ሐሳቡን ወደ ሌሎች ባለሙያዎች አደረሰ። በ1959 ዓ.ም የተከፈተው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮና በ1964 ዓ.ም በሞንትሪያል የተከፈተው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ስቱዲዮ ሁለቱም በእርሱ መሣሪያዎች የተደራጁ ናቸው። የሙዚቃ ቀማሪው ጆሴፍ ታል በኢየሩሳሌም ለመሠረተው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከልም የለኬን የቴፕ ማሽን ደርሷል።

በእነዚህ ስቱዲዮዎች ያለፉ ወጣት ቀማሪዎች መሣሪያውን ከሠራው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይነጋገሩ ነበር። ይህ ቁልፍ ለእጄ ይከብደኛል ያለው ይሰማል፤ ይህ ድምፅ ዘገየብኝ ያለውም ይሰማል። ለኬን ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ ያስተካክላል። መሣሪያ ሠሪና መሣሪያ ተጠቃሚ ሲቀራረቡ ሥራው እንደሚያምር፣ ብረት ቀጥቃጩ ከገበሬው ጋር ተነጋግሮ የሳለው ማረሻ እንደሚቆርጥ፣ በገጠር የሚኖር ሰው ያውቀዋል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ለኬን ወደ መጀመሪያ ፍቅሩ ተመለሰ። ሳክበትን በአዲሶቹ ትራንዚስተሮች አሻሽሎ፣ መድረክ ላይ ሊወጣና ሊሸጥ በሚችል መልክ ሠራው። በ1970ዎቹ መጀመሪያም ለገበያ ለማብቃት ጥረት ተደረገ፤ ጥረቱ ግን አልሰመረም። መሣሪያው ሱቅ ሳይደርስ ቀረ።

ገበያው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። በ1970 ዓ.ም ሚኒሙግ የተባለው በቀላሉ የሚሸከሙት ሲንተሳይዘር ወጥቶ ከመድረክ መድረክ ይዞር ጀመር። ድምፁ የጎላና የሚማርክ ነው። ኪቦርዱ ግን የጣትን ጫና አይለይም። ተጫዋቹ ድምፁን ለማንሸራተትና ለማርገብገብ በግራ በኩል የተገጠሙ ሁለት ጎማ መሰል መዘውሮችን በእጁ ማዞር አለበት። ለኬን በአንዱ ጣት ላይ የሰበሰበው ሥራ በሁለት እጅ ተከፋፈለ። አጨዋወቱ ቀላል፣ አሠራሩም ርካሽ ነበርና ዓለም ተቀበለው።

የአንድ ዘመን ፍጻሜ

ለኬን በ1974 ዓ.ም ከምርምር ምክር ቤቱ በጡረታ ተሰናበተ። ሞተር ብስክሌት መንዳት ይወድ ነበር። በ1976 ዓ.ም በሞተር ብስክሌቱ ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ክፉኛ ተጎዳ። በዓመቱ ሐምሌ 3 ቀን 1977 ዓ.ም፣ በ63 ዓመት ዕድሜው፣ ኦታዋ ውስጥ ዐረፈ። የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ሳክበት ዛሬ በዚያው ከተማ በሚገኘው የካናዳ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

የሚያስገርመው፣ ለኬን በሞተበት ዘመን የጃፓኑ ያማሃ ሲኤስ 80 የተባለ ሲንተሳይዘር ለገበያ አወጣ። የዚህ መሣሪያ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው የጣትን ጫና ይለያል። ግሪካዊው ቫንጌሊስ በ1982 ዓ.ም ብሌድ ራነር ለተባለው ፊልም ሙዚቃውን ሲሠራ በእርሱ ተጠቅሟል። በዚያ ሙዚቃ ውስጥ እየጎላ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚሄደውን ድምፅ የሰማ ሁሉ ማሽን እንዲህ ሊያዝን ይችላል ወይ ብሎ ይደነቃል። ለኬን ከ20 ዓመት በፊት በኦርጋኑ የሞከረው ነገር፣ ዋጋው ውድ፣ ክብደቱ የሚያደክም ቢሆንም፣ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ሆነ።

ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ሮበርት ሙግ ራሱ ከቀማሪው ጆን ኢተን ጋር ሆኖ የጣትን ጫናና በቁልፉ ላይ ያለበትን ቦታ ሳይቀር የሚያነብ ኪቦርድ ለመሥራት ረጅም ዓመታት ደክሟል። በ1983 ዓ.ም የወጣው ዲኤክስ 7 የተባለው የያማሃ ኪቦርድም የጣቱን የምት ፍጥነትና ከምቱ በኋላ ያለውን ጫና ይለያል። ኢትዮጵያዊው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዓ.ም በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን፣ የሀገሩን ዜማዎች በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ሲቀዳ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዲኤክስ 7 ነው።

አሮጌውን መሣሪያ ማስተማር

የለኬን ሐሳብ ዛሬ በአሮጌ ሲንተሳይዘር ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይም ይኖራል። በ1970ዎቹ የተሠሩት መሣሪያዎች ድምፃቸው ዛሬም ይወደዳል፤ ኪቦርዳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደንቆሮ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከፍተው፣ ለጣት ጆሮ ይሰጧቸዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከቁልፎቹ ሥር ነው። ቁልፍ ወደ ታች ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሲጨመቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚቀንስ ስስ ንጣፍ በቁልፎቹ ርዝመት ይዘረጋል። ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ከጨረሰ በኋላ በጣቱ ጫን ሲለው ንጣፉ ይጨመቃል። ከንጣፉ ጋር የተያያዘ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ጭመቃውን ወደ ቮልቴጅ ይለውጠዋል። እዚህ ላይ የለኬን ብልሃት ለጠጋኞቹ ይደርስላቸዋል። የእነዚህ መሣሪያዎች ክፍሎች የሚታዘዙት በቮልቴጅ ስለሆነ አዲሱን ቮልቴጅ ወደፈለጉት ክፍል መላክ ይችላሉ። ሚኒሙግ ከጀርባው ለዚህ የሚሆኑ መግቢያዎች ስላሉት፣ ግፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው ቢልኩት ጣቱ ሲጫን ድምፁ ይጎላል፤ ወደ ማጣሪያው ቢልኩት ድምፁ ይፈካል፤ ወደ ድምፅ አመንጪው ቢልኩት ይቀጥናል።

ልኩን ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በብዙ ሲንተሳይዘሮች ሥርዓት አንድ ቮልት ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ማለትም በ12 ቁልፎች ያህል ከፍ ያደርጋል። ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነት የአንድ ቮልት አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ 0.083 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከንጣፉ የሚመጣው ግፊት ሳይመጠን በቀጥታ ቢገባ ጣት ነካ ባደረገ ቁጥር ዜማው ከቅኝት ይወጣል። በጣም ከቀነሰ ደግሞ ተጫዋቹ ጣቱ እስኪያመው ይጫናል እንጂ ለውጥ አይሰማም። ከቁልፉ ሥር ያለው የፈልት ጨርቅ ውፍረት እንኳ የንክኪውን ስሜት ይለውጣል። ጠጋኙ እየፈታ፣ እየገጠመ፣ እየተጫወተ ይሞክራል።

አንድ ንጣፍ ለሁሉም ቁልፎች ሲዘረጋ መሣሪያው የትኛው ጣት እንደተጫነ አይለይም፤ ጫናውን በጅምላ ነው የሚሰማው። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ለሚሰጥ ሲንተሳይዘር ይህ ይበቃል። ብዙ ድምፅ ለሚሰጥ ግን እንደ ለኬን ኦርጋን ለየቁልፉ የየራሱ መዳሰሻ ያስፈልጋል፤ ሥራውም ወጪውም በዚያው ልክ ያድጋል። ጥንቃቄም አለው። የአሮጌ መሣሪያ ኃይል መስጫ ክፍል ከመብራት ተነቅሎም ለተወሰነ ጊዜ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ክዳኑ የሚከፈተው በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ነው። አስተዋይ ጠጋኞች የመጀመሪያውን አካል ሳይበሱና ሳይቆርጡ፣ ነገ ተነቅሎ ወደነበረበት ሊመለስ በሚችል መንገድ ይገጥማሉ፤ መሣሪያው የዘመኑ ታሪክ ምስክር ነውና።

ሂዩ ለኬን በገበያ አልበለጸገም። ሳክበቱ በየሱቁ አልተደረደረም፤ ኦርጋኑም ለምርት አልበቃም። ከሞቱ በኋላ ግን ሐሳቡ በትላልቅ ፋብሪካዎችም፣ በትንንሽ የጠጋኝ ጠረጴዛዎችም ላይ እየተሠራ ነው። እርሱ የጠየቀው ጥያቄ ከሙዚቃም ይሰፋል። አዲስ ማሽን ወደ ማሳ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ወይም ወደ ሽመና ቤት ሲገባ ሥራውን ያፈጥናል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ፣ አርባ ዓመት የሠራው እጅ የሚያውቀውን ነገር ማሽኑ ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም የሚለው ነው። ለኬን ማሽን እንዲሰማ ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል በእንጨት ጠረጴዛና በጥቂት የሬዲዮ አምፖሎች አሳይቷል።